በአዘኔታ ያደረግሁላት ራይት

ሰው ክፉ ናት ይለኛል። ተማሪዎቼ ከኋላዬ ምን ብለው እንደሚጠሩኝ አውቃለሁ፤ እዚህ አይጻፍም። ድምፄ የገበያ ድምፅ ነው፤ ቁጣዬም ቅርብ ነው። እጁን ሳይታጠብ ወደ አልጋ የተጠጋ ተማሪ ካየሁ አስወጥቼ በር ላይ አቆመዋለሁ። ይሁን እንጂ በዚህ ሁሉ የማስተማር ዘመኔ እንቅልፍ የሚነሳኝ የተቆጣሁበት ቀን አይደለም፤ ያዘንሁበት ቀን ነው።

ነርስ ነኝ፤ ባሕር ዳር ውስጥ ነርሶችን አስተምራለሁ። አብዛኛው ሥራዬ ስኪል ላብ በምንለው ክፍል ውስጥ ነው። ተማሪዎች በሽተኛ ዘንድ ከመድረሳቸው በፊት በአሻንጉሊትና እርስ በርሳቸው የሚለማመዱበት ሰፊ ክፍል ነው። እዚያ ሁሉም ነገር በቼክሊስት ይሄዳል። እጅዋን ታጠበች? ራይት። ራሷን ለታማሚው አስተዋወቀች? ራይት። ታማሚውን አስፈቀደች? ራይት። ከታች የእኔ ፊርማ ይሰፍርበታል። ያቺ ፊርማ ያለችበት ወረቀት መዝገብ ቤት ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ለማንም ቢሆን እውነቱ ወረቀቱ ነው።

ያዘንሁላትን ልጅ ያወቅኋት ሁለተኛ ዓመት ስትገባ ነው። የወረታ ልጅ ናት፤ አባቷ ጨርቅ ይነግዳሉ። በልጅነቷ ማጅራት ገትር ይዟት ነበር። እሷ ስትድን ጆሮዋ አልዳነም። በግራ ጆሮዋ ምንም አትሰማም፤ በቀኙ ደግሞ ሰው ሲጮህ ብቻ የሆነ ነገር ይደርሳታል። ንግግር የምትይዘው ከሰው ከንፈር ነው። ስትናገር ድምፅዋ ከፍ ዝቅ አይልም እንጂ ቃሏ ጥርት ያለ ነው። ነርስ ለመሆን የመጣችውም ተመድባ ሳይሆን መርጣ ነው። ሆስፒታል ተኝታ ሳለች አንዲት ነርስ ፊቷን ወደ እሷ አዙራ፣ ቀስ ብላ ታናግራት ነበርና፣ ያቺን ሴት ለመሆን ነው የመጣሁ ብላኛለች።

በመጀመሪያው ሳምንት ከክፍል ስወጣ ጠብቃ አገኘችኝ።

«ሲስተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሲያስተምሩ ወደ ሰሌዳው ዞረው ነው የሚናገሩ። ፊትዎን ካላየሁ ምንም አላገኝም።»

እሺ አልኋት፤ ከልቤ ነው ያልሁት። በሚቀጥለው ቀን ፎቶ እንደሚነሣ ሰው ፊት ለፊት ተገትሬ አምስት ደቂቃ ያህል አስተማርሁ። ከዚያ ማርከር አነሣሁ፣ ዞርሁ፣ ረሳሁ። ትዝ ሲለኝ መለስ እላለሁ፤ እሷ አንገቷን አስግጋ ከጎረቤቷ ደብተር ትገለብጣለች። ሁለተኛ አልጠየቀችኝም። እኔም ራሴን አልታዘብሁም፤ ተማሪው ብዙ ነው፣ ክፍለ ጊዜው አጭር ነው፣ ሰበብ መቼም አይጠፋም።

የደም ግፊት መለካት የተማሩበት ቀን መጣ። ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ክንድ ላይ ጨርቅ ይጠመጠማል፤ በአየር ይነፋል። ከዚያ ጆሯችን ላይ የሰካነውን ማዳመጫ፣ ስቴቶስኮፕ የምንለውን፣ በክርን መታጠፊያ ላይ አድርገን አየሩን ቀስ በቀስ እንለቃለን። የደሙ ምት ድምፅ ሲጀምር የመለኪያው መርፌ የሚያሳየው የላይኛው ቁጥር ነው፤ ድምፁ ሲጠፋ ደግሞ የታችኛው። ነገሩ በሙሉ የጆሮ ሥራ ነው። ተማሪዎቹ እየተሳሳቁ አንዱ የአንዱን ክንድ ሲነፉ እሷ ስቴቶስኮፑን በሻርፗ ሥር አስገብታ ቆመች፤ ቆመች፤ አወለቀችው።

ሌሎቹ ሲወጡ ቀረች። «ሲስተር፣ ድምፁ ምን ይመስላል?» አለችኝ።

ጠረጴዛውን በጣቴ አንኳኳሁ። መዳፏን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና ዐይኗን ጨፈነች። «ይህንስ አገኘሁት» አለች። «ከክንድ ላይ ግን በምን ላግኘው?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ተማሪ ጠይቆኝ አያውቅም። አላውቅም፣ ነይ አብረን እንፈልግ ማለት ነበረብኝ። በእጅ አንጓ ላይ የደም ሥሩን በጣት ይዞ የላይኛውን ቁጥር ማግኘት እንደሚቻል የዱሮ ነርስ ሁሉ ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። ቁጥሩን ራሱ በስክሪን የሚያሳይ መለኪያም ቁም ሣጥኔ ውስጥ ነበር። እኔ ግን ትከሻዋን መታ መታ አድርጌ «አይዞሽ፣ እሱ ችግር የለውም» አልኋት። ምን ማለቴ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ፈተናው ደረሰ። ክንዷን ዘርግታ የተቀመጠችው አንዲት የክፍል ጓደኛዋ ነበረች። ጠዋት እኔ ራሴ ለክቻታለሁ፤ መቶ በስድሳ። የወረታዋ ልጅ ጨርቁን እንዳስተማርሁት ጠመጠመች፣ ነፋች፣ ዐይኗን መርፌው ላይ ተክላ አየሩን ለቀቀች። ከዚያ ዐይኗን አንሥታ ፊቴን አየች።

«መቶ ሃያ በሰማንያ» አለች።

ያልሰማ ተማሪ ሁሉ መቶ ሃያ በሰማንያ ይላል፤ የጤነኛ ሰው ቁጥር ስለሆነ ሸምድደውታል። ሌላ ተማሪ ቢሆን ኖሮ ያን ቀን ጩኸቴ ግቢውን ያነቃንቀው ነበር። እሷ ላይ ግን አልጮህሁም። እንዲያ ደክማ፣ እንዲያ ፊቴን እያየች፣ በምን አንጀቴ ኤክስ ላድርግባት? ራይት አደረግሁ። ከታች ፈረምሁ። ወረቀቱን አየችው፤ እኔን አየችኝ፤ ምንም ሳትል ወጣች። ደስታ ቃል አሳጥቷት ነው ብዬ ተረጎምሁት።

ማታ ሰባታሚት ሰፈር ካለው ቤታችን ገብቼ ለባለቤቴ ነገርሁት። «እግዜር ይቁጠርልሽ» አለኝ። እራቴን በደንብ በላሁ።

ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባላል። ውሻዋ እኔ ነበርሁ። ከእኔ በኋላ የመጡት መምህራን የእኔን ራይት አዩ፤ ያቺ ቁጡ ካሳለፈቻት እኔ ማን ነኝ አሉ። የሆስፒታል ዋርድ ስትመደብ ሳንባ አዳምጪ የሚላት የለም፤ «አንቺ ሙቀት ለኪ፣ አልጋ አንጥፊ፣ አትድከሚ» ትባላለች። ሐኪሞቹ አፋቸውን በማስክ ሸፍነው አልጋ ከአልጋ ሲዞሩ እሷ ከኋላ ትከተላለች። ከዚያ ሁሉ ንግግር አንድ ቃል አልያዘችም። ማስክዎን ዝቅ ያድርጉልኝ ብላ እንዳትጠይቅ የበሽተኛ ክፍል ነው። እኔ ብጠይቅላት ይቻል ነበር። አንድም ሰው ክፉ ቃል አልተናገራትም። ሁሉም ይወዷት ነበር። እንዲህ እየተወደደች ሁለት ዓመት ምንም ሳትማር አለፈች።

አራተኛ ዓመት ስትደርስ ለእኛ ለመምህራን ሥልጠና ተዘጋጀ። ርእሱ አካል ጉዳተኛ ተማሪዎችን አካቶ ስለ ማስተማር ነበር። ሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል፣ ደረጃ ብቻ ባለው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሰበሰቡን። በምርኩዝ የሚሄድ አንድ መምህር ላቡ እየተንጠፈጠፈ ከእኛ በኋላ ደረሰ። አሠልጣኙ ጀርባውን ሰጥቶን ስክሪኑን እያነበበ ስለ ማካተት ሲያስተምረን ዋለ። ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ አፈርሁ፤ ሰሌዳዬ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ሰውየው ካነበባቸው ነገሮች አንዷ ግን ጆሮዬ ውስጥ ቀረች። ለተማሪ የሚያስፈልገውን መሣሪያ በደብዳቤ መጠየቅ ይቻላል፤ ፈተናውም እንደ አቅሙ ሊመቻችለት ይገባል አለ። ድምፁን በስልክ ላይ በመስመር የሚያሳይ ስቴቶስኮፕ እንዳለም ያን ቀን ሰማሁ።

በማግሥቱ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ለሚወስነው ኮሚቴ ደብዳቤ ጻፍሁ። እንደዚያ ያለ ስቴቶስኮፕ ይገዛላት፣ ካልሆነም በመጨረሻው የተግባር ፈተና ስክሪን ባለው የግፊት መለኪያ እንድትፈተን ይፈቀድላት አልሁ። ቁጣዬን ሁሉ አፈሰስሁበት። ሥልጠናውን ከወሰዱት ሁሉ የተጠቀምሁ እኔ ብቻ ነኝ እያልሁ በራሴ ኰራሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የክፍሉ ኃላፊ አስጠራኝ። ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ፣ ትሑት ሰው ነው። መልሱን ኮሚቴው ልኮለታል። ከመልሱ ጋር አንድ አሮጌ ወረቀት ተያይዟል።

«ሲስተር፣ ይሄ የማን ፊርማ ነው?»

የእኔ ነበረች። የደም ግፊት በስቴቶስኮፕ መለካት፣ ያለ ምንም እገዛ፣ ብቁ። ራይት።

«ኮሚቴው የሚለው» አለ ዐይኑን ከእኔ እየሸሸ፣ «ሁለት ዓመት ሙሉ ያለ ምንም መሣሪያ ስታልፍ ለኖረች ተማሪ አሁን መሣሪያ ለምን አስፈለገ ነው። ምን ብዬ ልመልስላቸው?»

«ያን ጊዜ አልሰማችም ነበር። አዝኜ ነው ያሳለፍኋት» ልለው አፌን ከፈትሁ። እሱ ቀድሞ እጁን አነሣ።

«እባክዎ ሲስተር፣ ከመናገርዎ በፊት ያስቡት። ያ ውጤት ሐሰት ነው ካሉኝ የሁለተኛ ዓመቱ ኮርስ ይሰረዛል። ከዚያ በኋላ የወሰደቻቸው ሁሉ በእሱ ላይ የተመሠረቱ ናቸው። ወደ ኋላ ትመለሳለች፤ ሁለት ዓመት። እርስዎም ይጠየቃሉ። እኔ እስካሁን ምንም አልሰማሁም።»

ብናገር ሁለት ዓመቷን አስበላባታለሁ፤ ዝም ብል በማትሰማበት ጆሮዋ ትፈተናለች። በገዛ እጄ የቋጠርሁትን መፍቻ አጣሁለት። ወረቀቱን መለስሁለትና ወጣሁ።

የዚያኑ ዕለት ልጅቷን ሐይቁ ዳር ባለው መንገድ ይዣት ሄድሁ። ፀሐዩ ፊቴ ላይ እንዲያርፍ አድርጌ ተቀመጥሁ፤ ቢያንስ ይህንን ተምሬያለሁ። ጀልባዎቹ መንገደኛ እያራገፉ ነበር። ሁሉንም ነገርኋት፤ ራይቱን፣ ደብዳቤውን፣ የኮሚቴውን መልስ። አፌን እያየች እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«መቶ በስድሳ ነበር አይደል?» አለች።

ደነገጥሁ።

«ክንዷን የለካሁት ጓደኛዬ ዕለቱን ነግራኛለች። ሲስተርም ያውቃሉ፣ ጠዋት ለክተውኛል አለችኝ።»

«ታዲያ ያን ጊዜ ለምን መጥተሽ አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ ልምጣ ሲስተር? ውለታ ለዋለልኝ ሰው ለምን ዋሉልኝ ይባላል?» አለች። ሐይቁን አየች። «ያኔ ቢጥሉኝ ኖሮ አለቅስ ነበር፤ ግን ደግሜ እማር ነበር። ያኔ ጊዜ ነበረኝ።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይህ ነው። እሷ ታውቃለች፣ እኔ አውቃለሁ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ በየኮሪደሩ ስንገናኝ ሰላምታ ስንለዋወጥ ኖረናል። ይቅር በይኝ አልኋት። «ኧረ ሲስተር! እርስዎ እኮ መልካም ነው ያሰቡልኝ» አለች። ብትሰድበኝ በወደድሁ።

ለፈተናው አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶ ነበር። በየቀኑ ከሥራ በኋላ ስኪል ላቡን ከፍቼ አለማመድኋት። ጣቶቿን አንጓዬ ላይ አድርጋ አየሩን እየለቀቀች፣ የደም ሥሬ መልሶ ሲመታ ቁጥሩን ትጠራለች። በሦስተኛው ቀን ቁጥሯ እኔ በስቴቶስኮፕ ከማገኘው ጋር አንድ ሆነ። ጣቶቿን ያን ጊዜ ነው ያወቅኋቸው። መርፌ መውጊያ የደም ሥር ፈልጊ ብላት፣ ዐይኗን ጨፍና ሌላው ተማሪ ሦስት ጊዜ የሚስተውን ክንድ በአንድ ዳሰሳ አገኘችው። እንዲህ ያለ እጅ በዘመኔ ያየሁት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ነው። አልጋ ስናስነጥፈው ኖርን። የታችኛው ቁጥር ግን በጣት አይገኝም። እሱን የምትችለው በስክሪኑ ብቻ ነው፤ ስክሪኑ ደግሞ አልተፈቀደላትም።

ፈታኙ ከሌላ ከተማ የመጡ፣ ሸምገል ያሉ፣ ድምፃቸው ለስላሳ ሰው ነበሩ። ማስካቸውን እንዲያወልቁላት ለመንኋቸው፤ ወዲያው አወለቁ። እኔ ዕቃ አቅራቢ ስለነበርሁ ቁም ሣጥኑ አጠገብ ቆምሁ። መናገር አይፈቀድልኝም።

በሥርዓት ሠራችው። እጇን ታጠበች፣ ራሷን አስተዋወቀች፣ አስፈቀደች፣ በጣቷ ለካች። «የላይኛው መቶ ዐሥር ነው» አለች። ከዚያ ቀና ብላ፣ «የታችኛውን በስቴቶስኮፕ መስማት አልችልም። ስክሪን ያለው መለኪያ ቢሰጠኝ እለካዋለሁ።»

መለኪያው ከጀርባዬ ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር፤ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ። ሁለት እርምጃ አይሆንም። ፈታኙ ቼክሊስቱን አዩ፤ «እዚህ የተጻፈው በስቴቶስኮፕ ነው የኔ ልጅ» አሏት። እጆቿን አጣምራ ጠበቀች። ደወል ተደወለ፤ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ሄደች። እኔ ቁልፉን በኪሴ ውስጥ ጨብጬ ቆሜያለሁ።

ፈታኙ በእጃቸው ጠሩኝ። «ሲስተር፣ ይህች ልጅ ሁለተኛ ዓመትን እንዴት አለፈች?»

«እኔ ነኝ ያሳለፍኋት» አልሁ። «አልቻለችም ነበር። አዘንሁላት።» ለሥራ ባልደረባ ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው።

ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ፈገግ አሉ። «አይ ሲስተር! ማን ያላደረገው አለ? እኛም ዘንድ እንዲሁ ነው። ለጽድቅ ነው እንጂ።» እስክሪብቶአቸውን ቼክሊስቱ ላይ ባለችው ባዶ ሳጥን ላይ አደረጉ። «ምን ላድርጋት? አሳልፋታለሁ፣ አይደል?»

ያን ጊዜ ማለት የነበረብኝን አሁን በቃሌ እወጣዋለሁ። አይሆንም፤ የተናገረችውን ጻፉላት፤ መለኪያውን ላምጣና ትለካ፤ ደንቡ ካልፈቀደም ደንቡ ስሕተት ነው ብለን አብረን እንፈርም። እንዲህ ባልላቸው የሚሆነውን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ግን ደግሞ ከወደቀች መዝገቧ ይከፈታል፤ ሁለት ዓመቷ ይሄዳል። ወረታ ምን ብላ ትመለሳለች? እስክሪብቶው ሳጥኗ ላይ ቆሟል፤ ሽማግሌው እኔን ያያሉ። ራሴን ነቀነቅሁ። ራይት አደረጉ።

ውጤት የተለጠፈ ዕለት ስኪል ላብ መጣች። «ሲስተር፣ የግፊቱን አለፍሁ እንዴ?»

«አልፈሻል።»

«እንዴት?»

ወደ ቁም ሣጥኑ ዞርሁና የሆነ ነገር አልጐመጐምሁ። ፊቴን እንደማታይ አውቃለሁ። ጥቂት ጠበቀችኝ። ዞር ስል ሄዳ ነበር።

ተመረቀች፤ ተቀጠረችም ሲሉ ሰማሁ። ነርስ ሆነች፣ ይኸው ሆነላት እያልሁ ራሴን አጽናናሁ።

ዘንድሮ ራስ ምታት እየደጋገመ ሲያስቸግረኝ፣ የራሴን ግፊት ላስለካ እዚሁ ከተማ ግሽ አባይ አካባቢ ወዳለ አንድ ጤና ጣቢያ ሄድሁ። ካርድ ማውጫው ጋ ሰልፍ ያዝሁ። መስኮቱ በወፍራም መስታወት ተዘግቷል፤ ከታች እጅ የምታሳልፍ ቀዳዳ ብቻ አለችው። ሰው ጐንበስ እያለ በቀዳዳዋ ስሙን ይናገራል። ተራዬ ደርሶ ጐንበስ ስል ከመስታወቱ ወዲያ ነጭ ጋውን ለብሳ የተቀመጠችው እሷ ናት።

ተነሥታ ሣቀች። ቀና ብዬ በመስታወቱ ፊቴን አሳየኋት። «እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ነርስ ሆነሽ አልተቀጠርሽም እንዴ?»

«ነርስ ነኝ ሲስተር። የቅጥር ደብዳቤዬ ነርስ ይላል» አለችኝ። «የመጀመሪያ ቀን ስቴቶስኮፕ ሰጡኝ። እንደማልሰማ ሲያዩ፣ ይህን ሁሉ ዓመት እንዴት ተማርሽ አሉኝ። አይዞሽ፣ አንቺ እዚህ ዐረፍ በይ፣ አትልፊ አሉ። ጥሩ ሰዎች ናቸው።»

«ስም መስማት እኮ ነው ሥራው!»

«መታወቂያ አሳዩኝ እላለሁ። የሌለው ይጽፍልኛል። መጻፍ የማይችል ሲመጣ…» ትከሻዋን ነቀነቀችና ካርዴን በቀዳዳዋ አወጣችልኝ።

ከኋላዬ የጢስ ዓባይ ገበሬ የሚመስል፣ የታመመ ሕፃን በጋቢ ያቀፈ ሰው ነበር። ጐንበስ ብሎ የልጁን ስም ተናገረ። አልያዘችውም። ደገመ። «መታወቂያ አለዎት?» አለችው። የሕፃን ምን መታወቂያ አለው! ሦስተኛ ሲጮህ ሰልፉ ሁሉ ዞረ።

«ደንቆሮ ናት እንዴ ይቺ? ሌላ ሰው የለም?»

«ወንድሜ፣ አፍህን ሰብስብ!» አልሁት በዚያ በገበያ ድምፄ። «ይቺ ልጅ ነርስ ናት። ተምራ የተመረቀች ነርስ ናት!»

ሰውየው ልጁን ወደ ሌላው ትከሻው አዛወረ። ቁጣው ሁሉ ጠፋ፤ መስታወቱን አየ፣ እሷን አየ፣ እኔን አየ።

«ነርስ ከሆነችማ እመቤቴ፣» አለኝ፣ «ታዲያ ልጄን አታይልኝም? እዚህ ምን አስቀመጣት?»

የምሩን ነበር የጠየቀኝ፤ መልሴንም ቆሞ ጠበቀ። እሷም ከመስታወቱ ወዲያ ከንፈሬን ታያለች።